የተለየው ኩባያ

ይህን የምንጽፈው ሦስት ሆነን ነው፤ ጎባ ግቢ የምንማር የጤና ተማሪዎች ነን። ነገሩ ስለ አንድ ሴሚናርና ስለ አንድ ኩባያ ነው። የምናነሳው ወንድማችን ረቂቁን አንብቦ ሁለት ቦታ አርሞልናል፤ «ስሜን ብቻ አታውጡ» ብሎም ፈቅዷል።

የሴሚናር ርእስ በዕጣ ሲወጣ ክፍሉ ሳቀብን። ለሌሎቹ ወባ፣ ስኳር በሽታ፣ ደም ማነስ ደረሳቸው። ለእኛ የወጣው «የቲ-ሴል መነቃቃት ተቀባዩ ከኤም ኤች ሲ ሞለኪውል ጋር የሚያያዝበትን ሁኔታ እንዴት ይለውጣል?» የሚል ነበር። ዕጣ ነው፣ ምን ይደረጋል። ኤም ኤች ሲ የሚባለውን ነገር ሦስታችንም ለመጨረሻ ጊዜ ያየነው በፈተና ዋዜማ፣ ያውም በእንቅልፍ ዓይን ነው።

ረመዷን ሊገባ ሦስት ሳምንት ያህል ቀርቶት ነበር። የዶርማችን ልጅ፣ ከዲንሾ አካባቢ ገጠር የመጣው፣ ማሳል ከጀመረ ሰንብቷል። ከእኛ አንድ ዓመት ወደ ኋላ ነው፤ ኢሚዩኖሎጂ ገና አልወሰደም። ባሌን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ የጥር ሌሊት ጎባ ላይ አጥንት ሰርስሮ ይገባል፣ ከሳነቴ በኩል የሚወርደው ነፋስ ጋቢ አይበግረውም። ስድስት ሰው በሚተኛበት ክፍል መስኮት ልክፈት የሚል የለም። ደግሞስ በዚያ ብርድ የማያስለው ማን ነው? «ጉንፋን ነው» አለን፤ «ጉንፋን ነው» አልነው። አንድ የሕክምና ቦታ ሄዶ የሳል ሽሮፕ ተሰጥቶት ተመለሰ። ሌሊት ላብ ሲያጠምቀው ልብሱን ቀይሮ ዝም ብሎ ይተኛል። ቀበቶውን በሚስማር አዲስ ቀዳዳ ሲበሳለት አይተን ቀልደንበታል።

ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል፣ የሌሊት ላብ፣ ትኩሳት፣ መክሳት። ለፈተና ብንጠየቅ በግማሽ ደቂቃ እንዘረዝራቸዋለን። ከጎናችን ተኝተው ሲያድሩ ግን አላወቅናቸውም።

አክታው ተመርምሮ የሳንባ ቲቢ መሆኑ የታወቀው ረመዷን ሊገባ አራት ቀን ሲቀረው ነው። መድኃኒት ወዲያው ጀመረ። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለብቻው የሚያድርበት ክፍል ተገኘለት። በዚያው ሰሞን ዶርማችን ውስጥ ካሉት ኩባያዎች አንደኛው እጀታ ላይ ቀይ ክር ታስሮ ተገኘ። የእሱ ኩባያ ነበር። ያሰረው ከሦስታችን አንዱ ነው፤ የቀረነው ሁለታችን አይተን ዝም አልን፤ ስለዚህ ሦስታችንም አስረነዋል ማለት ይቀላል። ቲቢ በአየር እንጂ በኩባያ አይተላለፍም። ይህንንም በፈተና ላይ እንጽፈዋለን።

የመጀመሪያዎቹን አምስት ቀናት የኢፍጧር ሹርባና ሳምቡሳ ይዘን እንሄዳለን፣ በሩ አጠገብ ያለች ወንበር ላይ እናስቀምጣለን፣ አንኳኩተን እንመለሳለን። «አብሽር፣ አላህ ያሽርህ» የምንለው ከኮሪደሩ ጫፍ ሆነን ነው። በስድስተኛው ቀን ሳህኑን አጥቦ ወንበሯ ላይ አስቀምጦልን አገኘነው። በውስጡ ቁራጭ ወረቀት አለ፤ «ሴሚናራችሁ ከምን ደረሰ?» ይላል።

ከዚያ በኋላ መሸሹ አላስኬደንም። ግቢው ውስጥ ፀሐይ የሚመታው፣ ነፋስ እንደልቡ የሚያልፍበት ሣር ላይ መገናኘት ጀመርን። እሱ ማስክ አድርጎ ትንሽ ራቅ ብሎ ይቀመጣል። ለሴሚናሩ ልምምድ አድማጭ እሱ ሆነ። እውነቱን ለመናገር ከክፍላችን ሁሉ የተሻለ አድማጭ ነበር፤ ያልገባውን ገባኝ አይልም።

ከመሠረቱ ጀመርንለት። ኒውክሊየስ ያለው የሰውነታችን ሴል ሁሉ በውስጡ ከሚሠራው ፕሮቲን ቁራጭ ቁራጩን እያወጣ በላዩ ላይ ያሳያል። ቁራጩ የሚቀመጥበት ሞለኪውል ኤም ኤች ሲ አንድ ይባላል። ጀርም ውጠው የሚፈጩ ሴሎች ደግሞ ኤም ኤች ሲ ሁለት የሚባለውንም ይጠቀማሉ። ቲ-ሴል እየዞረ የሚዳስሰው እነዚህን ነው። ጀርሙን ለብቻው ቢሰጡት አያውቀውም፤ የሚያውቀው በራሱ ሰው ኤም ኤች ሲ ላይ ተቀምጦ ሲያየው ነው። ይህን ሮልፍ ዚንከርናገልና ፒተር ዶኸርቲ እ.ኤ.አ. በ1974 በአይጦች ላይ ባደረጉት ሥራ አሳዩ፤ በ1996 የኖቤል ሽልማት አስገኘላቸው።

«እና አንዴ ከያዘው አይለቀውም ማለት ነው?» አለን።

ይለቀዋል፤ የገረመንም እሱ ነው። አንድ ተቀባይ አንድ ኤም ኤች ሲን የሚይዘው ብዙ ጊዜ ለሰኮንዶች ብቻ ነው። አንቲቦዲ ጀርሙ ላይ ከሚጣበቅበት ጋር ሲነጻጸር እጅግ የላላ ነው። በዚህም የተነሳ ለብዙ ዓመታት አንድን ጀርም የሚያውቁ ቲ-ሴሎችን ነጥሎ መቁጠር አስቸግሮ ነበር፤ ኤም ኤች ሲውን ቀለም ቀብተው ቢያቀርቡለት ይዞ ወዲያው ይለቃል። እ.ኤ.አ. በ1996 እነ ጆን አልትማንና ማርክ ዴቪስ መላ አገኙለት። አራት ኤም ኤች ሲዎችን በአንድ አስረው ቴትራመር ሠሩ። አንዱ ሲላቀቅ ሦስቱ ይዘው ይቆያሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው ላብራቶሪ ውስጥ ሲሠራ ማለት ነው።

አሁን ወደ ርእሳችን። ቢ-ሴል ጀርም ሲያገኝ የአንቲቦዲውን ዘረመል እየለዋወጠ፣ በተሻለ የሚይዘውን እየመረጠ ይሄዳል። ቲ-ሴል ይህን አያደርግም። ከታይመስ ይዞት የወጣው ተቀባይ እስከ ሕይወቱ ፍጻሜ ያው ነው። አንድ ተቀባይ ከአንድ ኤም ኤች ሲ ጋር ያለው ፍቅር አይጨምርም፣ አይቀንስም። ሆኖም አንዴ የነቃ ሴል ገና ካልነቃው ይልቅ በጣም ትንሽ የጀርም ምልክት ሲያይ ይነሳል። ተቀባዩ ካልተለወጠ ምኑ ተለወጠ?

እዚህ ላይ ሦስት ሌሊት ፈጀብን። ተራዊሕ ሰግደን እየተመለስን እስከ ሱሑር ተከራክረንበታል።

አንደኛው መልስ አሰላለፉ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ጆናታን ሽኔክና ባልደረቦቹ ባወጡት ሥራ፣ የአይጥ ቲ-ሴሎችን ሁለት ሁለት ሆነው ከተያያዙ ኤም ኤች ሲዎች ጋር አገናኙ። የነቁት ሴሎች ካልነቁት በብዙ እጥፍ አጥብቀው ያዙ። ነጠላ ተቀባዩ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ተቀባዮቹ በሴሉ ሽፋን ላይ የተቀመጡበት ሁኔታ ነው። ተቀራርበው፣ ተባብረው ይይዛሉ። ሽፋኑ ውስጥ ያለው ኮሌስትሮልም በዚህ ውስጥ እጁ አለበት። ለወንድማችን በጣታችን አሳየነው፤ አምስቱን ጣት ዘርግተህ ብርጭቆ ለማንሳት ሞክር፣ ከዚያ ሰብስበህ ሞክር። ሳቀና ቀይ ክር ያለበትን ኩባያ አነሳ። ያን ጊዜ ማንኛችንም ዓይኑን ለማየት አልደፈርንም።

ሁለተኛው ስኳር ነው። ሻይ ውስጥ የምንጨምረው አይደለም፤ በሴሉ ፕሮቲኖች ላይ እንደ ቅርንጫፍ የሚበቅለው ነው። ያረፈ ቲ-ሴል የእነዚህ ቅርንጫፎች ጫፍ ሲያሊክ አሲድ የሚባል፣ ኔጌቲቭ ቻርጅ ያለው ስኳር ይደፋበታል። ሲነቃ ይህ ቆብ ከብዙዎቹ ላይ ይወርዳል። ሲዲ8 የሚባለው ረዳት ተቀባይ የኤም ኤች ሲ አንድን ጎን በመደገፍ ያግዛል፤ በእሱ ላይ ያለው ስኳርም አያያዙን እንደሚቀይር በ2001 የወጡ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች በታይመስ ውስጥ አሳይተዋል። ገና ለጋ የሆነው ሴል ኤም ኤች ሲን በሲዲ8 በኩል በደንብ ይይዛል፤ ሲበስል ሲያሊክ አሲዱ ይጨመርበትና መያዙ ይላላል። እንደ ገባን ከሆነ ይህ መላላት ጥበቃ ነው። የበሰለ ሴል ያገኘውን የራስ ኤም ኤች ሲ ሁሉ አጥብቆ ቢይዝ ሰውነት ከራሱ ጋር ይጣላ ነበር።

ሦስተኛውን በአጭሩ እንለፈው፤ መምህራችንም በአጭሩ አልፈውታል። ቲ-ሴል ሲነቃ ኤል ኤፍ ኤ-1 የተባለው ሌላ ፕሮቲኑ ቅርጹን ቀይሮ ከወዲያኛው ሴል አይካም-1 ጋር ይጣበቃል። ይህ ጀርሙን አያውቅም፤ ሁለቱን ሴሎች አቀራርቦ ያቆማል፣ በዚህም ለተቀባዮቹ ጊዜ ይገዛላቸዋል።

ይህን ይዘን «ነቃ፣ ስለዚህ አጥብቆ ያዘ» ብለን ልንዘጋው ነበር። ወንድማችን ግን «ሁልጊዜ?» አለ። ተመልሰን ስናነብ ሁልጊዜ እንዳልሆነ አገኘን። በነቃበት ሰሞን ሴሉ ተቀባዮቹን ወደ ውስጥ ይጎትታል። እነ ስቲቨን ጄምሰን እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ሥራ፣ ሲዲ8ም በዚያ ሰሞን ቀንሶ ሴሉ ቴትራመር የመያዝ አቅሙ ለጊዜው ሲወርድ ታይቷል። ገደብ ባይኖረው ያው ብርታቱ ሳንባን የሚበላ እሳት ሊሆን ይችላል። በቲቢ ሳንባ ላይ የሚታየው ጉዳት ባሲሉ ብቻውን ያደረገው አይደለም፤ ሰውነት ሲዋጋ ያፈረሰውም አለበት። ያቺን «ሁልጊዜ?» የምትል ጥያቄ ባይጠይቀን ሴሚናራችን ግማሽ ስህተት ይሆን ነበር።

ከዚያ የራሱን ጥያቄ አመጣ። እጅጌውን ሰብስቦ የቢሲጂ ጠባሳውን አሳየን። «ተከትቤያለሁ እኮ። የኔዎቹ ሴሎች ያውቁታል። ታዲያ ለምን አልያዙትም?» እኛ ስናመነታ ቀልድ ጨመረበት፤ እነሱ ሰፈር ቀይ ቀበሮን ከእብድ ውሻ በሽታ ለመጠበቅ ሲባል የገበሬው ውሻ ይከተባል። «የኛ ውሻ ስንት ጊዜ ተከትቧል መሰላችሁ፣ እኔ በሕይወቴ አንዴ!»

ያወቅነውን ያህል ነገርነው። ቢሲጂ ሕፃናትን አንጎል ሽፋን ላይ ከሚወጣውና በመላ ሰውነት ከሚሰራጨው ከባድ ቲቢ ይጠብቃል፤ የአዋቂን ሳንባ ግን ያን ያህል አይጠብቅም። ባሲሉ ደግሞ ተንኮለኛ ነው። ሊያጠፋው በዋጠው ሴል ውስጥ ይቀመጣል፣ ቁራጩ በኤም ኤች ሲ ሁለት ላይ ወጥቶ ለሲዲ4 ቲ-ሴሎች እንዳይታይ ያዘገያል። ቲ-ሴሉ ነቅቶ፣ ተሰልፎ፣ ሳንባ ሲደርስ ሳምንታት አልፈዋል። በአብዛኛው ሰው ያኔም ቢሆን ከብቦ ያስቀምጠዋል፤ በአንዳንዱ ግን አይሆንም። ለምን በአንተ? ይህን መመለስ አልቻልንም። እሱም አልገፋበትም። «ቀደር ነው» አለና ወደ ማስታወሻው ተመለሰ።

የእኛው አገር ሥራ የገባን በዚህ ጊዜ ነው። አዲስ አበባ አለርት ሆስፒታል አጠገብ ያለው የአርማወር ሃንሰን የምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1970 የተመሠረተው ሥጋ ደዌን ለማጥናት ነው። በ1973 ቶሬ ጎዳል ከባልደረባው ከነጋሲ ጋር ባሳተመው ሥራ፣ ከሥጋ ደዌ ታማሚዎች ጋር የሚኖሩ ጤነኛ ሰዎችን ሊምፎሳይት ወስደው ከባሲሉ ጋር አገናኙ። የብዙዎቹ ሴሎች አወቁት። ሰዎቹ ግን አልታመሙም። ታማሚውን ያስጠጉት፣ አብረውት የበሉት ሰዎች ሳያውቁት ባሲሉን ተዋግተው አሸንፈዋል ማለት ነው። ይህን ያነበብነው ዶርም ውስጥ ነው፤ ቀይ ክር ያለበት ኩባያ የነበረበት መደርደሪያ ከፊታችን ነው። ድምፅ አውጥቶ ያነብ የነበረው አንዳችን መሃል ላይ አቋረጠ።

ሌላም አለ። የኢትዮ-ኔዘርላንድስ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት አካል የነበሩት ፀሐይነሽ መሰለና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1999 ኤች አይ ቪ የሌለባቸውን ጤነኛ ኢትዮጵያውያን አዋቂዎች ከኔዘርላንድስ ሰዎች ጋር አነጻጸሩ። የእኛዎቹ ገና ያልነቁ ቲ-ሴሎች ያነሱ፣ የነቁት ደግሞ የበዙ ሆነው ተገኙ። ወደ እስራኤል በሄዱ ኢትዮጵያውያን ላይ ዝቪ ቤንትዊችና ባልደረቦቹ የሠሩትም ወደዚሁ ይጠቁማል፤ የአንጀት ትል ካለባቸው ጋር የመነቃቃት ምልክቱ ይበዛል፣ ትሉ ሲታከም ይቀንሳል። ከልጅነታችን ጀምሮ በምንጠጣው ውሃ፣ በምንረግጠው መሬት፣ በምንተነፍሰው አየር የተነሳ ሴሎቻችን ያለ ዕረፍት ሲቀሰቀሱ የኖሩ ናቸው። እነዚህ ጥናቶች የቆጠሩት የመነቃቃት ምልክቶችን ነው፤ ተቀባዩ ኤም ኤች ሲን ምን ያህል አጥብቆ እንደሚይዝ አልለኩም። ስለዚህ ከአይጡ ሥራ ተነስተን «የኢትዮጵያዊ ቲ-ሴል አጥብቆ ይይዛል» ማለት አንችልም። አንዳችን በስላይዱ ላይ እንዲህ ብሎ ጽፎት ነበር፤ አስፋነው። እዚህ ባሌ ውስጥ፣ ከእኛው ደም፣ በቴትራመር ቢለካ ምን ይገኝ ይሆን የሚለው ግን አሁንም ይቆጠቁጠናል።

ስለ እኛ ምርመራ ደግሞ እንናገር። አብረነው ስላደርን ለልየታ ተጠራን። ሳል አለ? ላብ? ትኩሳት? ክብደት? ከሦስታችን አንዱ ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል ነበረው፤ ለሌሎቹ ለሁለታችን አልነገረንም። ትራስ አፉ ላይ አድርጎ ነበር የሚያስለው። የፈራው ባሲሉን እንዳልነበረ በኋላ ነገረን፤ ክር የታሰረበት ኩባያ ነበር የፈራው። ነርሷ ስትጠይቀው «የለኝም» ብሎ ከወጣ በኋላ ከበሩ ተመልሶ ገባና ተናገረ። አክታው ነጻ ሆነ፣ አልሐምዱሊላህ። ባይሆን ኖሮ ያ ሁለት ሳምንት የስንቱ ሰው ሳንባ ውስጥ ይገባ እንደነበር እያሰብን እንቅልፍ አጥተናል።

ረመዷኑ ለወንድማችን ከባድ ነበር። ክኒኑን በየጠዋቱ ጤና ባለሙያ ፊት ይውጣል፤ ምግብም የግድ ነው፣ ሰውነቱ አልቋል። የምንቀራበት መስጂድ ኡስታዝ ለታመመ ሰው መግደፍ እንደተፈቀደለት፣ ሲድን ቀዷውን እንደሚያወጣ በእርጋታ አስረድተውታል። ቢሆንም ቀን ሲበላ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞር ነበር። አንድ ቀን አንዳችን ፊት ለፊቱ ተቀምጦ «ብላ፣ እኔ እያየሁህ ብላ» አለው። ሳቀና ዞረ።

ሴሚናሩ የረመዷን ሃያ ሁለተኛው ቀን ላይ ሆነ። ያን ጊዜ ሁለቱ ሳምንት አልፎ፣ ሐኪሙ አያስተላልፍም ብሎት ወደ ዶርም ተመልሷል። ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ አዳመጠን። መምህራችን «አያያዙ ሁልጊዜ ይጨምራል?» ብለው ሲጠይቁ ሦስታችንም ወደ ኋላ ዞር አልን። ነጥባችን ጥሩ ነው።

በዒድ ማታ ሻይ ሲቀዳ አንዳችን ክሩን በጥርሱ በጥሶ ጣለውና ኩባያውን ከሌሎቹ ጋር ቀላቀለው። ወንድማችን አገላብጦ ፈልጎ አወጣው፣ እጀታው ላይ የቀረችውን ቀይ ፀጉር የመሰለች ክር አየት አደረገና ሻዩን ቀዳበት። ማን እንዳሰረው አልጠየቀም። አሁን ይህን ሲያነብ አውቋል፤ ካረማቸው ሁለት ቦታዎች አንደኛው ይሄ ነው፤ እኛ «አላወቀም» ብለን ጽፈን ነበር፣ እሱ ሰርዞ «አልጠየቀም» አለው።

ስድስተኛ ወሩን የጨረሰው ክረምት ላይ ቤተሰቦቹ ጋር ሆኖ ነው። የመጨረሻውን ባዶ የክኒን ማሸጊያ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ላከልን። ከጎኑ ውሻቸው ተቀምጧል፤ እሱም በዚያው ወር ተከትቧል።